ያልጠየቅኳቸው ጥያቄ

ሰኞ

እሺ አልኳት። ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ኢንግሪድ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ነርስ ናት፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ፊቷ ኮርያዊ ነው፣ አፏ የኖርዌይዋ የበርገን ከተማ። በስምንት ወሯ በጉዲፈቻ እዚህ መጣች። አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ የኮርያ ቃል አታውቅም። እኔ ደግሞ ኖርዌይ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ኮርያ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመት ምሳችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ በልተናል፤ እሷ ዳቦዋን ከወረቀቱ ፈትታ፣ እኔ ሾርባዬን ይዤ። ብዙ አናወራም። ቢሆንም እዚህ ኦስሎ ከተማ አብሮኝ የሚበላ ሌላ ሰው የለም።

ወላጅ እናቷ ተገኝተዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ታመዋል። ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ይገናኛሉ። የጉዲፈቻ መሥሪያ ቤቱ የሚመድበው አስተርጓሚ የሚገኘው ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ነው።

«አንተ ትችላለህ» አለችኝ።

«የእኔ ኮርያኛ የፋብሪካ ነው።»

«የእኔ ጭራሽ የለም።»

ስትነሳ፣ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አለች። ስለ ገዛ ወገኖቿ እኔን። ጽፌ አመጣልሻለሁ አልኳት።

ማክሰኞ

ለኢንግሪድ የምነግራት፦

ያበላሉ። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህብኝ ይውልና እራት ላይ ትልቁን ሥጋ አንስቶ ሩዜ ላይ ያስቀምጥልኛል። ይቅርታ ብሎ አያውቅም። ይቅርታው ሥጋው ነው።

ታላቅ ሳይጀምር ማንም ማንኪያ አያነሳም። ይሄን ለእኔ ማስተማር አላስፈለጋቸውም። በመጀመሪያው ቀን ጓንት ሲሰጡኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ፎርማኑ አፍጥጦ አየኝ። «ማን አስተማረህ?» «እናቴ።» ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ «ይሄኛውን እናቱ አሳድጋዋለች» እያለ ያሳየኝ ነበር።

ቦርሳዬን ከነፓስፖርቴ ባቡር ላይ ረስቼ ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ግማሽ ብስኩቴ እንኳ አልጎደለም።

የቤት አከራዬ አሮጊት ናቸው። በበርበሬ የተቦካ ጎመን በሳህን ደጃፌ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አያንኳኩም። ሳህናቸውን ብርቱካን አድርጌበት መለስኩ። ሳቁ። በሳምንቱ ሳህኑ ትልቅ ሆነ።

የሚያስጠላም አለ። ሁሉ ነገር ፍጠን፣ ፍጠን ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ወንበር እያለ ቆመው የሚሄዱ ነበሩ። ይሄንንም እነግራታለሁ።

ስጨርስ ገጹ ሞልቷል። ስለ ኖርዌይ ጻፍ ብባልስ? አይዋሹም። ሰዓት ያከብራሉ። ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖረውን ሰውዬ ስም ያወቅኩት ከፖስታ ሳጥኑ ነው። ጎረቤት ከሆንን ስድስት ዓመታችን ነው።

ረቡዕ

ቫይትቬት ሰፈር የገበያ ማዕከሉ ውስጥ አቦይ ተስፋይን አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ያቺው አግዳሚ ላይ ናቸው።

«ወዲ ኮርያ!» አሉኝ። የኮርያ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ስሜን ትተውታል። «ጢምህን ተላጭተሃል። ሴት አለች።»

ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ሃምሳ ሦስት ዓመትህ ነው። የሰው እናትና ልጅ ከምታገናኝ የራስህን ሚስት ብትታረቅ አይሻልም?»

«እሷ ሌላ አገባች እኮ፣ አቦይ።»

«እንግዲያው እኔንም አስታርቀኝ፣ ከጉልበቴ ጋር።» ሳቁ፤ ወዲያው ኮስተር አሉ። «ሱዳን ካምፕ እያለሁ አስተርጉሜ አውቃለሁ። የተላክኸውን ብቻ አድርስ። ከኪስህ አትጨምር።»

«ያ፣ ያ» አልኳቸው፤ እሺ፣ እሺ ማለት ነው በኖርዌይኛ። አውቶቡሴ መጣ።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት የጻፍኩትን አነበብኩላት፤ ከዚያ ተለማመድን። እንዴት ጎንበስ እንደሚባል አሳየኋት። እንደ ነርስ ነው የምታጎነብሰው፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ልታነሳ ይመስል።

እናቴ በያቸው አልኳት። እምቢ አለች። «እናቴ በርገን ናት ያለችው።»

ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋለች። አባቴ ማን ነው? በቤተሰቡ ምን በሽታ አለ? ለምን ሰጠሽኝ?

«በዚህ አይጀመርም» አልኳት።

«በዚህ አልጀምርም። ሦስተኛው ላይ ነው ያለው።»

«ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እኔም ትልቅ ሰው ነኝ» አለች። ዳቦዋን ጠቅልላ ወደ ሥራዋ።

ቅዳሜ

ጋምለ ኦስሎ ሰፈር፣ ኢንግሪድ ቤት። ኮምፒውተሩ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። እናትየው ትንሽ ናቸው፤ ደህናውን ልብሳቸውን ለብሰዋል። ስልኩን የእህታቸው ልጅ ይዞላቸዋል።

የመጀመሪያ ቃላቸው «በልታለች?» የሚል ነበር።

ለኢንግሪድ ነገርኳት። «ገና ነኝ» አለች።

«በልታለች» አልኳቸው። ልጃቸውን በአርባ ስምንት ዓመቷ አግኝተው ርቧታል ልበላቸው?

ከዚያ ኢንግሪድ፣ «ጥሩ አስተዳደግ ነው ያደግኩት። አልተቀየምኩም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። የጤና ሪፖርት የምታነብ ነበር የምትመስለው። እኔ፣ «ደህና ነኝ፣ እናቴ። ስናፍቅዎት ነው የኖርኩት» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አባትየው ሞተዋል። የስኳር በሽታ በዘር አለ። ሁለቱን ቃል በቃል አደረስኩ።

ሦስተኛውን አልቻልኩም። «ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስለ ክረምቱ አወሩ፣ ስለ ሩዝ እጥረት፣ ስለ ጣራው ማፍሰስ። ሁሉንም ተረጎምኩ።

ኢንግሪድ ጠበቀች። «ለምን የሚለውንስ?»

«ከባድ ነው አሉ» አልኳት። አላሉም።

እናትየው ስክሪኑን በመዳፋቸው እየነኩ ተሰናበቱ። ኢንግሪድ አመሰገነችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

እሁድ

በረዶ። አልወጣሁም። ሦስት ውሸት። የመጀመሪያው አይቆጠርም ብል ሁለት።

ከሰዓት በኋላ ኢንግሪድ ጻፈችልኝ። «አስቤበታለሁ። ፊት ለፊት ጠየቅኳት፣ ስለ ጣራ አወራችልኝ። አልቀየማትም። ግን ሁለተኛ አልደውልም። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሮጊቷ ያልተጠየቁትን ነው ያልመለሱት። ዝም ብል ኢንግሪድ ምሳዋን ከእኔ ጋር መብላቷን ትቀጥላለች፤ እሳቸው ደግሞ የማይመጣ ስልክ ሲጠብቁ ይኖራሉ።

መልስ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ፊት ለፊት መሆን አለበት።

ሰኞ

ነገርኳት። ሦስቱንም፣ ቁጭ ሳትል።

«ጠየቅካት ወይስ አልጠየቅካትም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ናፈቅሽኝ ያልኳት መስሏት ነው ያለቀሰችው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ትልቅ ሰው ስለሆኑ፣ ስለታመሙ፣ እኛ አገርም እነሱም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ ስለማይባል፤ ሁሉንም ደረደርኩ። አላቋረጠችኝም።

«የስምንት ወር ልጅ ሳለሁ ሰዎች ወሰኑልኝ» አለች። «ለእኔ አስበው ነው። አንተም አሰብክልኝ።»

መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተቀመጠች።

ማክሰኞ

ብቻዬን በላሁ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም ምንም አላለም።

አቦይ ተስፋይ፣ «ከኪስህ ጨመርክ አይደል?» አሉኝ። ፊቴን አይተው ነው። አልሳቁም። ጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉልኝ፤ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ

ሾርባዬን ይዤ ልቀመጥ ስል መጣች። ዳቦዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ስልኳን ከውኃ ጆጉ ጋር አስደግፋ አቆመችው። ወረቀቱንም አውጥታለች። «እዚያ ምሽት ነው፤ ቀጠሮ ይዤያለሁ። ንግግሩ ይቀዳል። ሌላ ሰው ያዳምጠዋል። ቃል በቃል።»

እናትየው በቤት ልብሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ቅዳሜ ዕለት ያጣመምኩትን ራሴ ነገርኳቸው፤ የቁርሱን ብቻ አልቆጠርኩትም።  ከዚያ ኢንግሪድ ጠየቀች፤ እኔም እንዳለችው አልኩት። ለምን ሰጠሽኝ። በአክብሮት ቋንቋ ነው ያልኩት፤ እሱን ብቻ አልተውኩም።

አሮጊቷ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩ።

«አልሰጠኋትም» አሉ። «ገበያ ሄጄ ነበር። ስመለስ የተኛችበት ቦታ ባዶ ነበር። አማቴ ናቸው የሰጧት፤ የሚፈልጉት ወንድ ነበር። ለማን እንደሰጧት ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አደረስኩ። የኢንግሪድ እስክሪብቶ ቆመ።

«ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት።

 ከጀርባችን የሳህን ድምፅ ነበር።

«ቅዳሜ እንደውላለን በላት» አለች። «ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ቁርስ አልበላሁም ነበር በላት። ሁሉም ነገር ይስተካከል።»

አልኳቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ እኔን መቆጣት ጀመሩ። ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ልጄን ጦሟን አስቀምጠህ። ይሄንንም ተረጎምኩ። የኢንግሪድ አፍ ጫፉ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ።

ሊዘጋ ሲል እናትየው ጠጋ ብለው አዩኝ። «አንተስ፣ አገርህ የት ነው?» ነገርኳቸው። «ሰው አለህ እዚያ?»

«የለኝም» አልኳቸው።

ስልኩ ተዘጋ። «መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?» አለች ኢንግሪድ። ቃል በቃል ተብያለሁ። ነገርኳት።

«አንተስ ምን አልካት?»

ይሄንንም ነገርኳት። ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው አላውቅም።

ከላይ ደወል ተደውሎ ተጠራች፤ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ዳቦዋ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፣ እንደተጠቀለለ። ትመለስ አትመለስ አልተናገረችም። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ወጥ ቤት እስኪጠሩኝ ድረስ ጠበቅኳት።