ያለ ውል ያከራየኋት ቤት

ሐሙስ

ባንክ ቤቱ ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር ያለችው ቤቴ ዕዳዋ ሊያልቅ ነው፣ ዋጋዋም ጨምሯል፤ ሙቱዎውን፣ የቤት ብድሩን፣ እንደ አዲስ አድርጋችሁ ትርፉን በእጄ ስጡኝ፣ ኪራዩ ይከፍለዋል። ሰውየው በጣሊያንኛው፣ "አሎራ ሲኞራ፣ የኪራይ ኮንትራቶው የታለ?" አለኝ። የለም! ከአበልጄ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል? ልጇን ክርስትና ያነሳሁላትን ሴት ፈርሚ ልላት ነው? ሰውየው ግን ያለ ውል ኪራዩን እንደ ገቢ አንቆጥረውም አለ።

ዓርብ

እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። የእማዬ ጎረቤት የሚሸጠውን፣ በባንኩ ብር ልገዛው ያሰብኩትን ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚያቆይልን። ጓሮው ከእማዬ ጓሮ ጋር ይገናኛል። እማዬ ስልኩን ቀምታ፣ "አልጋሽን በየት በኩል ላድርገው?" አለችኝ። "ይደርሳል እማዬ" ብዬ ዘጋሁ።

የማስታምማቸው ሲኞራ ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ስተኛ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። የገዛሁት ቤት ውስጥ አንድም ቀን አድሬ አላውቅም። እናቴ ናፍቃኛለች። ድምጿ አይደለም፣ እሷ ራሷ።

ቅዳሜ

ለአበልጄ የምላትን ስለማመድ ዋልኩ።
– ባንኩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።
– ኪራይ አልጨምርም።
– አላስወጣሽም።
ሲኞራ ሰሙኝና "ከማን ጋር ነው የምትጣይው?" አሉኝ። ሾርባውም አረረ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ከአበልጄ ከጽጌ ጋር ወደ ተከራየችው ቤት ሄድን። ወጥ እያማሰለች ሳለ "ኮንትራቶ" ስል እጇ ቆመ። በቃ፣ ተቀየመችኝ አልኩ። ማልቀስ ጀመረች።

"አበልጄ፣ ስድስት ዓመት እኮ ነው ይህን ቃል የጠበቅኩት!"

ለካ ማዘጋጃ ቤት ያለ ውል ሬዚደንሳ፣ የነዋሪነት ምዝገባ፣ አንሰጥም ብለዋት፣ የክርስትና ልጄን ሐኪም ጋ ለማስመዝገብ የሰው አድራሻ ስትለምን ኖራለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ "አንቺን ፈርሚልኝ ልበልሽ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ! በራሴ አፈርኩ። ይሉኝታችን ለሁለታችንም አልበጀን።

ሰኞ

ከሲኞራ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለመንኩ። ከጽጌ ጋር ውሉን ፈረምን፣ አስመዘገብን። የኪራይ ግብሩ ጣጣ ይከተለኛል፤ ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ ይምጣ። ጽጌ የእሷን ቅጂ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሄደች። የባንኩ ሰውዬ የእኔን ተቀብሎ፣ "ቤቱን የሚገምት ሰው እንልካለን፣ ከዚያ እናያለን" አለ። እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስለ ባንኩ ምንም አልነገርኳት።

"በመስኮቱ በኩል አድርጊው" አልኳት።

"ምኑን?"

"አልጋዬን።"

 ከዚያ እህቴን ጮክ ብላ ስትጣራ ሰማሁ፤ መጋረጃ ትግዛ ነው የምትለው።