በሰዓት ምልክቱ ላይ የተነገረው እርማት፤ የወይዘሮ ቶራ ፐርቪስ ፕላውማን ሕይወት

ወይዘሮ ቶራ ፐርቪስ ፕላውማን ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ሮበርት ፐርቪስና ከእናታቸው ከኢሶቤል ክሬግ፣ በስኮትላንድ ጠረፍ በበርንማውዝ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1938 ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ ወንድማቸው አሌክ ነኝ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ ሁለተኛ ደረጃን በአይማውዝ ተማሩ። ኤድንብራ የጽሕፈት ሥራ ሠልጥነው በ1959 ለንደን በሚገኝ የንግግር ራዲዮ ጣቢያ ታይፒስት ሆነው ተቀጠሩ። ድምፃቸው ተወዶ በ1966 አስተዋዋቂ ሆኑ። በ1968 የጣቢያውን የድምፅ ቴክኒሻን አቶ ዴሪክ ፕላውማንን አገቡ፤ ጃኔትንና ኮሊንን ወለዱ።

ሥራቸው አንዱን ፕሮግራም ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነበር። ጠዋት የገበሬዎች ዜና፣ ከዚያ ጸሎት፣ የሐኪም ምክር፣ ከምሳ በኋላ ድራማ፣ የአትክልተኞች ጥያቄና መልስ፣ አመሻሽ ላይ የባሕር አየር ትንበያ። ትንበያው እንዳለቀ ስድስት አጫጭር ድምፆች አሥራ ሁለት ሰዓት መሙላቱን ያመለክታሉ፤ ዜና ይጀምራል። በእነዚያ ድምፆች ላይ ማንም አይናገርም።

ኖቬምበር 18 ቀን 1977፣ ዓርብ ዕለት፣ ከትንበያው በፊት በቀጥታ ይተላለፍ የነበረ ክርክር ከተመደበለት ጊዜ ሰባ ሴኮንድ አለፈ። እህቴ የአራት ደቂቃውን ትንበያ ከሦስት ደቂቃ በታች ማንበብ ነበረባቸው። በባሕር ትንበያ እያንዳንዱ ቃል የታወቀ ልክ አለው። ትንበያው የሚወጣው በራዲዮ ከመነበቡ አራት ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። «በቅርቡ» ማለት ከወጣ ጀምሮ ሲቆጠር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። «ቆይቶ» ማለት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ለእኛ ባሕር ለፎርዝ ብርቱ አውሎ ነፋስ «በቅርቡ» ይላል። እሳቸው ሲቸኩሉ «ቆይቶ» ብለው አነበቡ።

አባታችንና እኔ በዚያ ሰዓት ባሕር ላይ ነበርን። ከወደብ ሁለት ሰዓት ያህል ርቀናል።

«ጊዜ አለን። አንዴ መረብ እንጣል» አሉ አባታችን።

«ነፋሱ እየዞረ ነው፤ አይሰማዎትም?» አልኳቸው።

«ነፋሱን ተወው። የምታነበው ልጄ ናት።»

መረቡን መልቀቅ ጀመርኩ። አባታችን ባትሪ ለመቆጠብ ትንበያው ሲያልቅ ራዲዮውን ያጠፉ ነበር። እጃቸው ማጥፊያው ላይ ሳለ የመጀመሪያው የሰዓት ድምፅ ተሰማ። በሁለተኛው ላይ የእህቴ ድምፅ መጣ።

«እርማት። ፎርዝ፣ ቆይቶ አይደለም፤ በቅርቡ። እደግማለሁ፣ በቅርቡ።»

አባታችን የመረቡን ገመድ በቢላዋ ቆረጡት። የወደቡን አፍ ስናልፍ ማዕበሉ ግንቡን ይሻገር ነበር። ግማሽ ሰዓት ብንዘገይ ኖሮ አንገባም ነበር።

በጣቢያው ደንብ ስሕተት የሚታረመው ከዜናው በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት አለቃቸው አስጠሯቸው።

«ቤተሰብዎ በዚያ ባሕር ያጠምዳል?»

«አዎ። ጀልባቸው ግን ሞተሯ እስኪመረመር ታግዳለች። ወደብ ውስጥ ነው ያለችው።»

«እንግዲያው ለእነሱ ሲሉ ደንብ እንዳልጣሱ እንዲታወቅ፣ አባትዎ ይህንኑ ጽፈው ይላኩልን።»

ጀልባዋ እውነትም ታግዳ ነበር። ሰው ሳያየን ነው የወጣነው። አባታችን ወደብ ነበርን ብለው ቢጽፉ ሐሰት ነው፤ ባሕር ላይ ነበርን ቢሉ ፈቃዳችን ይሰረዛል።

«ቶራ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች» አሉ አባታችን። እኔም እስክሪብቶ አላነሳሁም። ዝምታችን በእህቴ ላይ ተቆጠረ። ለቤተሰባቸው ሲሉ ደንብ ጥሰዋል ተብሎ በስማቸው ተመዘገበ፤ የባሕር ትንበያ እንዳያነቡ ለዘጠኝ ዓመት ተከለከሉ። ለገና መጥተው እውነቱን ሲሰሙ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ለጣቢያው ግን አንድም ቀን አልተናገሩብንም።

በ1986 ወደ ትንበያው ተመለሱ፤ በ1996 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው በ2009 ዐረፉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት የሳንባ ሕመም አድክሟቸው ነበር። በጃንዋሪ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ያኔ መጻፍ ነበረብኝ» አልኳቸው።

«ነበረብህ» አሉኝ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔማ አውቀዋለሁ። ስቀበር ለሚመጡት ንገራቸው። ደግሞ እንደ ልማድህ ቃል እየዋጥህ እንዳታነበው» አሉ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019፣ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ።

ከጣቢያው የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ስሙኝ። እህቴ አባታቸው ባሕር ላይ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። እርማቱን የተናገሩት በዚያ ባሕር ላይ ለነበረ ሰው ሁሉ ነው። አባታችን ሊጽፉት የሚገባቸው ደብዳቤ ይህ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት ዘግይቷል። ከመዝገባቸው ጋር እንዲያያዝልኝ እለምናለሁ።

ልጆቻቸው ጃኔትና ኮሊን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ዝም ያልነውንም ይቅር ይበለን።