የሴይቼንቶህ ሽቦ ልክ ነበር

የኔ ሙሄ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ብዙ ጊዜ በልቤ ሳወራህ ቆይቻለሁ፣ የአሁኑን ግን ካልጻፍኩት ሆዴ ውስጥ አያድርም። ለሰው ብነግረው ጉራ ይሆንብኛል። ላንተ መቼ ጉራዬን ደብቄህ አውቃለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካዛንቺስ ያለችው ቤታችን የለችም። ሰፈሩ ሲነሳ እኛም ከነጎረቤቶቻችን ተነሳን። አሁን ያለነው ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ይሳደባል፤ ውሃው ግን ይመጣል፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። ልጃችን ሐያት ሥራ ይዛለች፣ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። እኔ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አድርጌ ቀሚስ እሰፋለሁ። አንተ ግዢ ግዢ እያልክ እምቢ ያልኩህን መነጽርም ገዛሁ። ሳቅ እንግዲህ፣ እፈቅድልሃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ሴይቼንቶህ አለች!

ያቺ ከሁለታችንም ዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ የጣሊያን መኪና፣ ታክሲ ሠርተህባት ሐያትን ያሳደግህባት። ካረጀች በኋላ ግቢያችን ውስጥ ብሎን በብሎን ፈታተህ እንደ አዲስ ልትሠራት ስትነሳ ሰው ሁሉ አበደ ብሎህ ነበር። እኔም ከሰዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሞተሩን ጨረስክ። ዝገቱን ቆርጠህ ቆርቆሮውን በየዳህ፣ ከዚያ ያንን ሰማያዊ ቀለም ሦስት እጅ ቀባሃት። ቀለሙ ሲደርቅ ፊትህን አይተህበት ጺምህን ስታስተካክል ያየሁህ ጊዜ፣ ወላሂ ቀናሁባት።

የቀረህ የመብራቱ ሽቦ ብቻ ነበር። አሮጌውን በሙሉ አውጥተህ አዲስ ዘረጋህ። የሽቦውን መስመር የሚያሳየውን ሥዕል ከየት እንዳመጣኸው እንጃ፣ ፎቶ ኮፒውን ላስቲክ አልብሰህ እኔ ለደንበኞቼ የቀሚስ ፎቶ የምሰቅልበት ግድግዳ ላይ ለጠፍከው። ቤቱ ውስጥ እርጥበት የማያውቀው ግድግዳ እሱ ብቻ ነው ብለህ። ሙሽሮች ሊለኩ ሲመጡ ያንን የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር እያዩ ምንድን ነው ሲሉኝ የባሌ ፋሽን ነው እላቸው ነበር።

ሁሉን እንደ ሥዕሉ አድርገህ ስትጨርስ መኪናዋ ጉድ አሳየችህ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው ጭል ጭል ይላል። የፊት መብራቱን ስታበራ አንዱ ይደበዝዛል፣ ሌላው ጭራሽ የለም። ጅን ገብቶባታል፣ ሼህ እንጥራላት ብዬ ቀለድኩብህ። አንተ አልሳቅክም። ከሥዕሉ ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ ሥዕሉ ስትመላለስ ሕመሙ ያዘህ። አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም ትለኝ ነበር። ያ ነገር ነው እኔን የበላኝ። አንተ ተሳስቻለሁ እያልክ መሄድህ።

ሰፈሩ ሊነሳ መሆኑ ሲነገረን የአዲሱ ቤት ኮሚቴ በራሷ የማትሄድ መኪና ግቢ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው አለን። ለመሄድ ደግሞ የዓመት ምርመራ ማለፍ አለባት፣ መብራት የሌላትን ማን ያሳልፋታል? ወንድምህ እንድሪስ ከቂርቆስ ሱቁን ዘግቶ መጣና ለቁራሌው እንስጣትና እንገላገል አለ። አትቀየመው። ዕቃችንን በጫንቃው የተሸከመልን እሱ ነው፣ ለኛ ብሎ ነው። ግን ቁራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሰማያዊ ቀለምህን በጥፍሩ ሲቆረቁር ሳይ ደሜ ፈላ። አሮጌ ብረት ድስት የሚገዛ ሰው!

ከዚያ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አስመጣን። ገና ኮፈኗን ከፍቶ ሽቦህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ማዘር፣ ይሄ ሁሉ ተቆርጦ ይውጣና በቃ ዳይሬክት እንስጣት አለኝ። ከባትሪው ሁለት ሽቦ በቀጥታ ወደ መብራቱ፣ አንድ ማብሪያ ወንበሩ ሥር፣ አለቀ። ዳይሬክት የሚባል ቃል ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚከፋ እኔ አውቃለሁ። ተሳፋሪን ከነልብሱ የሚያቃጥል ሥራ ነው ትል ነበር። ልጁ መቁረጫውን ከኪሱ ሲያወጣ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ንካትና! አልኩት። ደንግጦ ሳቀ፣ እሺ ማዘር፣ ሲወስኑ ይደውሉልኝ ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ማን ሊያየው ነው? ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፣ መነጽሬን አደረግኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የተጨነቀው? አልኩ። በኋላ ግን ነገሩን በኔ ሥራ አየሁት። የልብስ ቅድ ወረቀት ላይ መስመር ዝም ብሎ አይሰመርም፤ ከትከሻ ተነስቶ ብብት ይደርሳል፣ ከወገብ ተነስቶ ጫፍ ይደርሳል። ይሄም እንደዚያው ነው። ከባትሪ ይነሳል፣ በቁልፉ ያልፋል፣ በፊውዙ ያልፋል፣ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። የቀለሞቹን ስም በጣሊያንኛ ስለጻፉት ሐያት በስልኳ እየፈለገች ተረጎመችልኝ።

ያንተን መሞከሪያ፣ ሁለት ሽቦ የቀጠልክባትን አምፖል፣ አወጣሁና እያንዳንዱን መስመር በጣቴ ሥዕሉ ላይ፣ በአምፖሏ መኪናዋ ላይ ተከተልኩት። ቀዩ ደረሰ። ቢጫው ደረሰ። አረንጓዴው ደረሰ። የትም ሄጄ ብነካ አምፖሏ ቦግ ትላለች። ሙሄ፣ አንድም የሳትከው የለም! ሐያትን ጠርቼ ነይ እዪ፣ የአባትሽን እጅ እዪ አልኳት። ሁለታችንም ኮፈኗ ላይ ተደፍተን አለቀስን።

ግን መብራቱ ያው አይበራም። ኃይሉ አምፖሉ በር ድረስ ይመጣል፣ አምፖሉ ግን ዝም። ይሄኔ ነው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው። ሥዕሉ ላይ ከየአምፖሉ የሚወጣ ሌላ አጭር መስመር አለ፤ ጫፉ ላይ ማበጠሪያ የመሰለች ምልክት አለችና እዚያው ይቆማል። የትም አይሄድም። እኔ ደግሞ የትም የማይሄድ መስመር አልወድም። ሐያት ከታች ያለውን ማብራሪያ ስታስተረጉም የመኪናዋ አካል ማለት ነው አለችኝ። እናንተ ማሳ የምትሉት። ለካ ኃይሉ በሽቦ ይመጣና በመኪናዋ በራሷ ቆርቆሮ በኩል ነው ወደ ባትሪው የሚመለሰው! መመለሻ ሲያጣ ደግሞ በጎረቤት አምፖል በኩል እየሾለከ ያንን ሁሉ ጭል ጭል ያመጣል።

የመሞከሪያዋን አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ አስሬ በሌላው ጫፍ መብራቱ የታሰረበትን ብሎን ሥር ነካሁ። ምንም። ቀለም ያልነካውን የበሩን ማጠፊያ ነካሁ፣ ቦግ! ያኔ ገባኝና ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አንተ ጉደኛ! ቆርቆሮዋ እንዳይዝግብህ ብለህ የብሎኑን ቀዳዳ ሳይቀር ሦስት እጅ ቀብተኸዋል። ማሳው ያረፈው ብረት ላይ ሳይሆን ያንተ ቀለም ላይ ነው። ሥራህን ያሰናከለብህ ማሳመርህ ነው፣ ሌላ ጥፋት የለብህም።

መፋቁ ግን ከበደኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ጺምህን ያስተካከልክበት ቀለም ነው እኮ። ቢስሚላህ ብዬ በየብሎኑ ሥር፣ ሰው በማያይበት ቦታ ብቻ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት። መልሼ አጥብቄ አሰርኩና ሐያትን ቁልፉን አዙሪው አልኳት። ሁለቱም የፊት መብራቶች እኩል ቦግ አሉ። ፍሬኑን ስትረግጥ የፍሬን መብራት ብቻ በራ፣ ፍሬቻውም በሥርዓቱ ብልጭ ድርግም አለ። ሐያት ክላክሱን ደጋግማ ስታስጮኸው ጎረቤት ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ። ዕቃ እየጫኑ የነበሩት ሰዎች እንኳ ሥራቸውን ጥለው አጨበጨቡ።

ምርመራውን አለፈች። ያ የዳይሬክቱ ልጅም ሰምቶ መጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሳት፣ ሽቦውን ማን ነው የሠራው ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ ነው አልኩት። እንዴት ብዬ እንዳልኩት ብትሰማኝ!

ከካዛንቺስ የወጣነው በሷ ነው፣ ሐያት እየነዳች። መንገዳችን ባይሆንም በቂርቆስ ዞረን እንድሪስ ሱቅ ደጃፍ አቆምናት። እንድሪስ ወጣ፣ መብራቱን አየ። ጎንበስ ብሎ በፎጣው የፊት መስታወቷን መጥረግ ጀመረ፤ ያልቆሸሸውን እየደጋገመ ሲጠርግ ዓይኑን ከኛ አሸሸ። በኋላ ወንድሜ ልክ ነበር አይደል? አለኝ። ልክ ነበር አልኩት። ይህን ላንተም በጽሑፍ እንዲደርስህ ብዬ ነው፤ አንተ አልተሳሳትክም፣ የኔ ሙሄ። ልጅህም የልጅ ልጅህም ይህን ከኔ ይሰማል፤ እስካለሁ ድረስ ያንን ሽቦ የሚቆርጥ እጅ አይነካትም።

ከዚያ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ወሎ ሰፈር ወረድን። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሐያት መብራቱን ላጥፋው? አለችኝ፣ ተይው አልኳት። ከፊታችን የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ጣቶቹን ከፈት ዘጋ እያደረገ መብራታችሁ በርቷል ይለናል። አንዱ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ማዘር፣ መብራት! ብሎ ጮኸ። እኔም እጄን እያውለበለብኩ ሁሉንም አመሰገንኩ። ረስተውታል ብለው ነው። አልረሳንም፣ ሙሄ።

ዘሃራህ