የመርሃዊ ጣቶችና የጃፓኑ ሳጥን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአናጢው ግዛቸው፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲወጣ ይለቅዎት ነበር፤ ዘንድሮም ለቅቆዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እማዬስ ከጉንፋኗ ተሻላት? ሰፈሩስ ሰላም ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም። በስልክ ድምፄን ሰምተው ምን ሆነሃል ሲሉኝ ብርድ ነው ያልኩዎት እማዬ አጠገብዎ ስለነበረች ነው።

ያ እንሠራዋለን ብዬ የነገርኩዎት የጃፓን አሠራር ሳጥን ትዝ ይልዎታል? ምስማር የማይነካው፣ ጎንና ጎኑ ተናክሶ የሚቆም፣ ባለ መሳቢያ ሳጥን ነው። ክዳኑን በመሮ እየፈለፈልን እንደ ወረቀት የሳሳ ዛጎልና ነጭ እንጨት እየገጠምንበት ሁለት ሽመላዎች እናወጣ ነበር። መጋጠሚያው የኔ ሥራ ነው፤ ሽመላዎቹ ግን የመርሃዊ ናቸው። መርሃዊ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ እዚህ ሮማ ከጎኔ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ዛጎሉን ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል። አንዲት ላባ ካልጣመችው ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። እርስዎ ቢያዩት ይሄስ የኔ ልጅ ነው ይሉ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አሠሪያችን፣ ፓድሮኔው ሲኞር ፋብሪዚዮ፣ ሳጥኑ ለፈረንጆች ገና ይድረስ ብሎ አጣደፈን። ሥራ ያጓትታል ብሎም የኤሌክትሪክ መጋዙን መከለያ አስነሣ። መርሃዊ ነጩን እንጨት ሊያሳሳ ሲገፋ መጋዙ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰዳቸው። አልጮኸም። እንጨቱን አይቶ "ደም ነካው" አለ። እጁን በሸሚዜ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ሳስገባው ፓድሮኔው ጠጋ ብሎ "አሎራ፣ እንግዲህ ቤቱ መደርደሪያ ሲሠራ ነው በል፤ የሥራ ኮንትራቶ እንደሌለው ታውቃለህ" አለኝ።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ ስንደርስ የመርሃዊ ጣልያንኛ ገና ስለሆነ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐኪሟ የት ነው የደረሰበት ብላ ጠየቀች። መርሃዊ ዓይን ዓይኔን እያየ "ቤት ነው በላት፣ ቃሌ፤ እንጀራዬን እንዳትዘጋብኝ" አለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሥራ ቦታ ነው የሚለው ሆነ። ያቺን ቃል ለመረዳት መርሃዊ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤቱ አስታውቆ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ወርክሾፑን አሸጉት። ሳጥኑም እዚያው ቀረ፤ አንደኛው ሽመላ ክንፍ የለውም። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ኮንትራቶ ስለሚያስፈልገኝ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ምግብ ቤት ሳህን እያጠብኩ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እሱ እንኳ ይለፍ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መርሃዊን ልጠይቅ ሄድኩ። ሚስቱ ሊዋም ሕክምናውም ካሳውም እንደሚገባው ጠበቃ እንደነገራት አጫወተችኝ፣ እግዜር ይስጥልኝም አለችኝ። በግራ እጁ እየታገለ ይበላል እንጂ ማንም እንዲያጎርሰው አይፈቅድም አለች። እሱ ድምፄን ሲሰማ ጓዳ ገብቶ ነበር። ልወጣ ስል ከውስጥ "ጣቴን መጋዝ ወሰደው፤ አንደበቴን የወሰድከው ግን አንተ ነህ" አለኝ። ደረጃውን ወረድኩ።

አባባ፣ ያልኩት እውነት ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ እሱኑ እላለሁ። ነገር ግን የተናገርኩት በሱ ስም ነው፣ እሱም አታድርግ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? አያባብሉኝ፣ የሚያስቡትን ይንገሩኝ።

እማዬን ጉልበትሽን ስሟል ይበሏት፤ ደብዳቤውን ሲያነቡላት የመጋዙን ነገር ይዝለሉት። ጎረቤታችን እማማ ጣይቱ እንዲመርቁኝ ይንገሩልኝ። እህቴን እየሩስን ከነልጇ፣ ታናሻችንን ናቲን ከነኩርፊያው ሳሙልኝ። መርሃዊንም በጸሎት አስቡት። የክርስትና ስሙን ልጽፍልዎ ነበር፤ ለካ ጠይቄው አላውቅም። ሊዋም ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፣ እኔ ግን ከራሱ አፍ ነው መስማት የምፈልገው። እስከዚያው መርሃዊ ብላችሁ ጥሩት።

ልጅዎ ቃለጽድቅ
ቶር ፒኛታራ፣ ሮማ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.