ከፊቱ አባት፣ ከኋላው አያት

ብዕሩን የያዘችው ለምለም ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ፣ የወንድምህ የዓባይነህ ነው። ለምለም አሰብ ላይ በአማርኛ የተማረች፣ እዚህ ሮም አንዲት አሮጊት የምታስታምም ልጅ ናት። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቷ ስለሆነ ገና ከበር ስትገባ ነው ወረቀት ያስያዝኳት። ለመሆኑ ሸዋንግዛው እንዴት ከርመሃል? ትከሻህስ? አሁንም ኮት ስትለብስ እጅጌውን የምትይዝልህ አበበች ናት? እሷስ ደህና ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ነው እንጂ መኪና ሳይ አይደለም።

የጠየቅኸኝን በስልክ ልመልስልህ አልፈለግሁም። በስልክ አንተም ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ወረቀት ግን መልስ አይሰጥም። ያ ሰውዬ አሮጌውን አልፋ ሮሜዮ መኪናችንን ወስዶ የራሱን አዲሱን አልፋ ሊሰጥህ፣ “የእናንተ ኋላው የራሱ አይደለም፣ ዲቃላ ነው፤ ለውጡኝና ተገላገሉ” አለህ። አንተም አፍረህ ለሰኔ ሚካኤል ቁርጡን እነግርሃለሁ አልከው። አፈርኩብህ። ቢሆንም ዝም ብዬ አልፈረድኩም፣ ሄጄ አየሁ።

አሎራ፣ እዚህ “እንግዲህ” ሲሉ ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘርኣይ ወሰደኝ። ዘርኣይ እዚሁ ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ ጋራዥ ያለው የአስመራ ሰው ነው። አሮጌ ስፖርት መኪና ያላቸው ጣሊያኖች ወር በገባ ቁጥር አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሀብታም አይደሉም፣ እንደኛ ሠርቶ አደር ናቸው። ኮፈን ከፍተው ሲተያዩ ይውላሉ፤ ልክ እንደ ሰንበቴ ነው፣ የጎደለው ጠላ ብቻ ነው። የእኛ ዓይነቱ አልፋ አራት ጊዜ እየተለወጠ ተሠርቷል፤ አራቱም ትውልድ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

የመጀመሪያው፣ አያትየው፣ ወንዝ ያለሰለሰው ድንጋይ ይመስላል፣ ኋላው ክብ ነው። እኔ ያልኩት ሌላ ቃል ነበር፤ ለምለም አልጽፍም ብላ “ኋላው” ብላለች፣ አንተ ታውቀዋለህ። መሪው ይከብዳል፣ ድምፁ ግን ከደረት ይወጣል። ሁለተኛው፣ አባትየው፣ ኋላው በካራ እንደተቆረጠ ነው፤ የፊት መስተዋቱ ጋደም ብሏል፣ ሞተሩም ከአያቱ ይበረታል። ሦስተኛው ላይ ጥቁር ላስቲክ ለጥፈውበታል። ሱፍ ለብሶ የዝናብ ቦቲ ያጠለቀ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ይህንኑ ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ዘርኣይ እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሰውየው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። አራተኛው ያ ሰውዬ ሊሰጥህ የፈለገው ነው። ካርቡራተር የለውም፣ ሲነሳ አያስለውም፣ መሪው በአንድ ጣት ይዞራል። ተቀምጬ አዞርኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ለትከሻህ መድኃኒት ነው። ድምፁ ግን የሰው ቤት እንግዳ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ልጅህ ሕሊና የላከችልኝን የመኪናችንን ፎቶ ለዘርኣይ አሳየሁት። አጉልቶ አየውና ሳቁን ለቀቀው። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ አባትየው ነው! መስተዋቱን ይዩት፣ የበሩን እጀታ ይዩት። የአያቱን ኋላ ማን ገጠመለት?” አለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን አያትየው መስሎኝ! በመንገድ ኋላ ቆራጣውን ባየሁ ቁጥር “አበላሿት” እያልኩ ስሰድብ ነው የኖርኩት።

ማን እንደገጠመለት እኔና አንተ እናውቃለን። አሠሪያችን ጣሊያኑ አገር ለቆ ሲሄድ መኪናውን ጥሎልን ሄደ፤ ኋላውን የጭነት መኪና እንደ ጣሳ ጨፍልቆት ነበር። ድሮ ምን ይመስል እንደነበር አላየንም። በዓይናችን የቀረው ቸርችል ጎዳና ሲወርድ ያየነው ያ ነጭ፣ ክብ አልፋ ነው። የዘይት በርሜል ቀደድን፤ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስተኝተን እኔ በመዶሻ ስመታ አንተ ከሥር በብረት ትቀበላለህ። ጆሯችን ከመደንቆሩ የተነሣ እናታችን ለምሳ የምትጠራን በእጇ ነበር። ጎድጓዳ መሙያውን ስቱኮ ሳንቀባው ለሰለሰ። አንተ ዳሰስ አደረግኸውና “የሴት ጉንጭ ነው” አልክ። ጢም ሳታበቅል የማንን ጉንጭ ዳስሰህ ነው ብዬ ስስቅብህ መዶሻውን ወረወርክብኝ።

ስለዚህ ሰውየው አልዋሸም። ኋላው የራሱ አይደለም፣ የእኛ ነው። እንዲህ ብለህ ንገረው። አራቱንም ትውልድ ሜዳ ሙሉ አየሁ፤ የእኛን የመሰለ ግን አንድም አልነበረም። አትለውጥ።

ትከሻህ መሪውን እንደማይችል አልክድም። ሕሊና ልንዳው ብላ ስትለምን ሁለታችንም እምቢ ብለናል፤ እኔ ከዚህ በስልክ፣ አንተ ቁልፉን ኪስህ ከትተህ። ቁልፉን ስጣት። ማርሹ እጇ ላይ ቢጮህ ዝም በላት፣ እኛም አስጩኸነዋል።

ለአበበች ሰላም በልልኝ፤ መኪናው ላይ ልብስ ታሰጣለች መባሉን ሰምቻለሁ፣ ተይ በላት። ሕሊናን ሳምልኝ። ከመኪናው ሥር የምትተኛዋ ድመትም ካለች ሰላም ትባል። ለመስቀል እመጣለሁ፣ ትኬቴ ተቆርጧል። መኪናው ያለው ሁለት ወንበር ነው፤ ስለዚህ ቦሌ የምትቀበለኝ ሕሊና ብቻዋን ናት። አንተ በር ላይ ቆመህ ጠብቅ። ክላክስ አናሰማም፤ በድምፁ ለይተህ ክፈት።

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ
ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

በይ ለምለም፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ የበርሜሉ ቦታ ስትደርሺ ቀስ በይ።