አንድ ሜትር ከአርባ

ውድ እህቴ፣ ሠራተኞቼ «እሜቴ ሜትር» ብለው ስም ያወጡልሽ፣

ከሁሉ በፊት እማዬ ደህና ናት። ቤቱም ቆሟል። ስልኩ ከጎርፉ በኋላ በአምስተኛው ቀን ሲሠራ ከእሷ ሰምተሻል፤ «ና አናግራት» ስትለኝ ግን ጭቃ እየዛቅኩ ነው ብዬ ሸሸሁ። ውሸቴን ነው፣ ያን ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። የምለው ከመብዛቱ የተነሳ ምላሴ ተሳሰረብኝ። አሁን በእስክሪብቶ እየሞከርኩት ነው፤ የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽና ቻይው።

አሸንፈሻል። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እንዳታስደግሚኝ።

ያ የቁፋሮ ሰሞን ትዝ ይልሽ ይሆናል። አባባ ተሠርቶ የገዛው የእማዬ አሮጌ ቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ እዚያው ወንዝ ዳር ቦታዋ ላይ አዲስ ልንሠራላት ተስማማን። እኔ የአባባን ሙያ ይዤ ግንበኛ፣ አንቺ ተምረሽ የከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሠራተኞቼ «አይዟችሁ፣ ቢሮ ውስጥ የራሳችን ሰው አለችን» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አንቺ ግን በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ፋይልሽን በብብትሽ፣ ሜትርሽን በእጅሽ ይዘሽ መጣሽና ሰላም ብለሽኝ ቀጥ ብለሽ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድሽ።

«ጥልቀቱ ስንት ነው?» አልሽ።

«የአባባ ልክ ነው» አልኩሽ።

የአባባን ልክ ሁለታችንም እናውቀዋለን። አባባ ለመሠረት ሜትር አውጥቶ አያውቅም። የተቆፈረው ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ አፈሩ ደረቱ ላይ ከደረሰ «በቃ፣ ድንጋይ አምጡ» ይላል። አርባ ዓመት ሠርቶ አንድም ቤት አልተሰነጠቀበትም። እኔም ገብቼ ቆምኩ፣ ደረቴ ላይ ደረሰ፣ ድንጋይ አምጡ አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?

«አንድ ሜትር ከአስራ አምስት» ብለሽ አነበብሽ። «ለወንዝ ዳር መሬት ደንቡ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ሃያ አምስት ይቀርሃል።»

«አንቺ ወረቀት አንብበሽ ነው፣ አባባ ቤት ሠርቶ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ቁመቱ ስንት ነበር?»

ጥያቄውን አልሰማሁትም። ማለቴ ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ልቤ ግን በሠራተኞቼ ፊት ስታላግጪብኝ ነው የታየው። አንቺም ወጥተሽ ድንጋዩ ክምር ላይ በቀይ ቀለም «ሥራ ይቁም» ብለሽ ጻፍሽ፣ ወረቀቱንም ሰጠሽኝ። እኔ ለሁለት ቀደድኩት። ቀድጄም አልበቃኝ፤ «ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ ዓለምን ያየሽ ልጅ፣ ዛሬ ከላይ ሆነሽ ታዥኛለሽ?» አልኩሽ። አንቺም ሜትርሽን ጠቅልለሽ ሄድሽ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ደግሞ የመሠረቱ ነገር ብቻ አልነበረም። የቤቱ ወለል፣ ልጆች ሳለን ወንዙ ሞልቶ ድልድዩ ምሰሶ ላይ ከተወው የውሃ ምልክት ስድሳ ሴንቲ ከፍ ይበል። በጓሮ በኩል ውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። የጣሪያው እንጨት ሁሉ ከግድግዳው አናት የኮንክሪት ቢም በሚወጣ ብረት ይታሰር። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ጋሽ ሾፌር፣ የተቀደደውን ወረቀት ከመሬት አንስተው ገጣጥመው ካነበቡ በኋላ «ቤት ነው ወይስ መርከብ?» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ወለሉ ያን ያህል ከፍ ይበል ተብሎ፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ሰባት ደረጃ!

እማዬ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ከጋሽ ሾፌር እጅ ተቀበለች፣ ወደ ቤት ገባች፣ የአባባን ሰማያዊ ቱታ ይዛ ወጣች። «ልበሰው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ፊቷን ታውቂዋለሽ። ለበስኩት። እጅጌው እጆቼን ዋጣቸው፣ እግሩ መሬት ጠረገ።

«የደረት ኪሱ የት ዋለ?» አለች።

«ሆዴ ላይ።»

«እንግዲያው የአባትህን ልክ በአባትህ ደረት ለካ። አንተ በቁመት እኔን ነው የመሰልከው፣ ምን ላድርግህ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ አካፋውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሳቁ አላቆም ብሎት። አባባ ዶማውን ለእኔ፣ ቁመቱን ለአንቺ አውርሶ እንደሄደ እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በማግስቱ እያጉረመረምኩ ቁፋሮውን ቀጠልን። ጥቁሩ ጭቃ አፈር ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ጥቁር ነው። አንድ ሜትር ከሠላሳ አልፈን፣ ጥቂት ጣት ብቻ ሲቀር ዶማዬ ድምፁን ቀየረ። ቋ አለ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ጠረግኩት፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ ጥፍር የማይገባው መሬት። አባባ ዕድሜ ልኩን ሲቆምበት የኖረው መሬት ያ ነበር። ትክክል እንደሆንሽ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ቀና ብዬ ሠራተኞቹን አየሁና «ምን ታፈጣላችሁ፣ ቆፍሩ» አልኩ።

በሳምንቱ መጣሽ። ወደ ሌላ ከተማ መዛወርሽን እማዬ ነግራኛለች፣ ልትሰናበቺኝ እንደመጣሽም አውቄያለሁ። ብሎኬት ክምሩ ጀርባ ተቀምጬ «የለም በሏት» ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሜትርሽ ሲዘረጋ ሰማሁ። ሲጠቀለልም ሰማሁ። «ሥራው ይቀጥል» የሚለውን ወረቀት በድንጋይ አስይዘሽ፣ ትንሽ ቆመሽ፣ ሄድሽ። ብነሳ አምስት እርምጃ ነበር። እህቴ፣ አልተነሳሁም። በዚህ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ የቀደድኩት ወረቀት ሳይሆን እነዚያ አምስት እርምጃዎች ናቸው።

የቀረውን ግን በወረቀትሽ መሠረት ሠራሁ። በፍቅር እንዳይመስልሽ፣ በእልህ ነው፤ አንድ ቀን ተመልሳ ስህተት ስትፈልግ ታጣለች ብዬ። ደረጃው ሰባት። ቦዩ በድንጋይ የተገነባ። ጣሪያውን እያንዳንዱን እንጨት በብረት ጠምዝዤ አሰርኩ፣ የቆርቆሮውን ሚስማር ከነጎማው መታሁ።

ጎርፉ የመጣው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ፣ ወንዙ ድልድዩን በላዩ ላይ ዘለለው። መጀመሪያ ደረጃችንን የወጡት ጋሽ ሾፌር ናቸው፣ ሬዲዮናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው። «ወደ መርከቡ እንኳን በደህና መጡ» አልኳቸው፤ እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተከተለ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ። እማዬ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጣ ጄኔራል ሆነች፤ የረጠበ ጫማ ውጭ፣ ልጆች መኝታ ቤት፣ «አንተ ምን ትገተራለህ፣ ሻይ ጣድ!»

እኔ ደረጃ እቆጥር ነበር። አንደኛውን ዋጠው፣ ሁለተኛውን ዋጠው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስተኛው ገባ። ነፋሱ የጎረቤቶችን ቆርቆሮ እየገነጠለ በመስኮታችን አጠገብ አሳለፈው፤ የእኛ ጣሪያ አጉረመረመ እንጂ ንቅንቅ አላለም። የፈራሁት ከእግራችን በታች ያለውን ነው። ወንዙ በኩል ያለው ማዕዘን ጋ ውሃው እየዞረ አፈሩን ሲንድ ይሰማል። ሁሉም ሰው ሰማው።

ጋሽ ሾፌር ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ቤት ይይዘናል?» አሉኝ።

ሠላሳ አንዱም ወደ እኔ ዞሩ፣ እማዬም ጭምር። ያቺ ዶማ ቋ ያለችበት ሰዓት ትዝ አለችኝ።

«መሠረቱ አንድ ሜትር ከአርባ ነው» አልኩ።

«ማን ለካው?»

«እህቴ።»

ሬዲዮናቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና «እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ ለሰዉ። ሰዉም ተቀመጠ። ስድስተኛው ደረጃ ሳይነካ ውሃው መውረድ ጀመረ።

በማግስቱ ማዕዘኑ ጋ ወርጄ ጎርፉ የበላውን ለካሁት፤ አዎ፣ አሁን የራሴ ሜትር አለኝ፣ አትሳቂ። አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት። ደጋግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። በእኔ ደረት ልክ ሠርቼው ቢሆን ማዕዘኑ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ሠላሳ አንድ ሰውና እናታችን የቆሙት በአስራ ስምንት ሴንቲ ላይ ነው፣ ያም የአንቺ ነው። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ከዚያ ተነስቼ ማዕዘኑን በድንጋይና በኮንክሪት ሞላሁት።

አሁን ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ነው። ግንበኞች እየመጡ ጣሪያው እንዴት እንደታሰረ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንጠባረራለሁ። በአንቺ ቦታ የተተካው ተቆጣጣሪ ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ «ይህን ቤት የሠራው ማነው?» ሲል እማዬ «ልጄ» አለችው። «የትኛው?» ሲላት «ሁለቱም» አለች። ጋሽ ሾፌር ቤታቸውን እንደ አዲስ እየሠሩ ነው። ቦታቸው ዝቅ ስለሚል ስምንት ደረጃ ያስፈልጋቸዋል፣ ደስታዬን አልደብቅሽም። ያ የቀደድኩት ወረቀትሽም አልጠፋም፤ እማዬ በፕላስተር አጣብቃ ሳሎን፣ ከአባባ ፎቶ ጎን ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስነብባለች፤ የቀደደው ማን እንደሆነ መናገርም አትረሳም።

በደረቁ ወር ፈቃድ እንደምትወጪ ነግራኛለች። ጓሮ በኩል ለአንቺ አንድ ክፍል ጀምሬያለሁ፤ መስኮቱ ወደ ወንዙ ያያል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ድንጋዩ ተከምሯል። እኔ ስቆምበት አፈሩ አገጬ ላይ ይደርሳል፣ ሠራተኞቹም ጭንቅላቴን ብቻ እያዩ ይሳለቃሉ። ሜትሬ አንድ ሜትር ከአርባ ይላል፣ ግን አላመንኩትም። አንድ ድንጋይ አላስቀመጥኩም፣ አላስቀምጥምም።

ነይና ግቢበት። በአባባ ቁመት ቁሚበት። አፈሩ ደረትሽ ላይ ከደረሰ፣ እሱ ይል የነበረውን አንቺ በይ፤ ብሎኬት ጀርባ አልደበቅም፣ ድንጋዩን ይዤ ጫፉ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ያንቺው አጭሩ ወንድምሽ