ለመምህርቷ ልጄ፤ ስለ ሬዲዮው ጩኸት

ውድ ልጄ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጃለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽው ወዲህ ጸሎት ላይ ስቆም እንኳ መሃል ገብተሽ ትከራከሪኛለሽ። አሜን ማለቱን ትቼ ለአንቺ መልስ ስፈልግ እገኛለሁ።

ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ባስነሳች ቁጥር ሬዲዮዬ እየተንጫጫ የጠዋቱን ስብከት ያቋርጥብኛል። “ኤሌክትሪክ ከሄደ ሞገድ ይለቃል፤ በቃ” አልኩሽ። አንቺም ለተማሪዎችሽ እንደምታስረጂው፣ “አይደለም አባዬ፤ ቻርጅ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ሙል፣ ስለሄደ ብቻ ሞገድ አይለቅም። ሲፈጥን፣ ሲዘገይ፣ ሲታጠፍ፣ ሲወዛወዝ ነው። በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ ከሄደ ምንም የለም። የሷ ሞተር ውስጥ ግን እሳት እየተፈናጠረ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል” አልሽኝ። አሁንም “ሄደ አይደል ታዲያ?” ስልሽ፣ “አንተ መቼ ሰው ትሰማለህ!” ብለሽ ዘጋሽው።

እልህ ያዘኝ። ላሳፍርሽ ብዬ ሬዲዮውን ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርጌ፣ አሮጌዋን የእጅ ባትሪ አብርቼ አስጠጋኋት። ኤሌክትሪኩ አምፖሏ ውስጥ እየሄደ ሬዲዮው ምንም የተለየ ድምፅ አላሰማም። ሳጠፋት ሬዲዮው ጠቅ አለ። ሳበራትም ጠቅ። መሃሉ ላይ ምንም! አላምን ብዬ ሳበራ ሳጠፋ ማብሪያዋ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል።

“አባባ፣ ምን በደለችዎት?”

“ለልጄ መሰከረችላት።”

ከት ብላ ሳቀች። “ታዲያ ደውለው አይነግሯትም?”

እሱ ነው ያቃተኝ። እናትሽ በነበረች ጊዜ ስልኩን የምታነሳው እሷ ነበረች፤ “በልታለች፣ ጉንፋኑም ለቋታል” ብላ ወሬሽን ታቀብለኛለች። እኔ አንቺን ስለ አንቺ መጠየቅ አልለመድኩም። ያን ቀን “እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እኔንስ እምቢ ብሎኛል” ልልሽ ነበር የደወልኩት። ከአፌ የወጣው ሬዲዮ ሆነ። አንቺም የተጠየቅሽውን መለስሽ፤ ምን ታድርጊ? ግን ያንገበግበኛል ልጄ! ልክ መሆንሽ አይደለም። አንድ ሰው ሞቶብን፣ ሁለት ብቻ ቀርተን፣ የምንጣላው በቻርጅ መሆኑ ነው። ፈጣሪንም “ይሄ ምን የሚሉት አመል ነው የሰጠኸኝ?” ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ክርክሩን አንቺ ረትተሻል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውልልሻለሁ፤ ስለ ዕቃ አላነሳም። ዝም ካልኩሽ ትንሽ ታገሺኝ፤ እንዴት እንደሚጀመር እያሰብኩ ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ